ከመዝጊያው ሥር ያየሁት እጅ

ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊርዶስ፣ ውቅያኖስ ተሻግረሽም ድምፅሽ ቤቴን ለሚሞላው፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ደህና ነሽ ወይ ብለሻል። አካሌ ደህና ነው፤ ሌላውን አንብበሽ ስትጨርሺ ራስሽ ፍረጂው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን አንቺ ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ቶሎ እዋሻለሁ።

በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት «የዮላንዳን እጅ የሰበረ እጁ ይሰበር» ብለሽ ረግመሻል። ደጋግሜ ሰማሁት። አሚን ማለት ግን አቃተኝ።

ያመጣሻት ቀን ትዝ ይልሻል? «ከኮሎምቢያ የመጣች ላቲን ጓደኛዬ ናት» ብለሽ ስታስገቢያት እኔ ከኋላዋ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር። ላቲን የማውቀው በአማርኛ ከተተረጎሙት ድራማዎች ነው፤ እዚያ የቤት ሠራተኛዋ እንኳ ቀይ ናት፣ ጸጉሯም ወገቧ ድረስ ይወርዳል። ይቺ ግን ከእኔም ትጠቁራለች። «ላቲኗ የታለች?» ስልሽ እሷ ሳቀች፣ አንቺ ተናደድሽ። ለጸጉር ቅባት ማስታወቂያ በደላላ ያስመጧት ሰዎችም ፊቷን ሲያዩ «እኛ የፈለግነው ላቲን ነው» ብለው እንደመለሷት፣ በእሷ ፋንታም የዚሁኑ አገር ቀይ ልጅ ዊግ አልብሰው እንዳቆሙ ያን ቀን ነገርሽኝ።

ከመዋቢያ ዕቃ ሱቄ ጥግ ወንበርና መስታወት ሰጠኋት። የራሷን ፎቶ ልትሰቅል ስትል ግን ጥቁር ፊት ዕቃ አይሸጥም ብዬ ጓዳ በር ላይ አሰቀልኳት። እሷ ግን የእያንዳንዷን ሴት ቆዳ እያየች የሚስማማትን የፊት ቀለም፣ ፋውንዴሽኑን፣ ስትቀላቅል ሰው በሰልፍ መጣ። በየጠዋቱ መጀመሪያ የምትቀባው እኔን ነበር። አንቺ ቀድመሻት ወደ ኮሎምቢያዋ ከተማ ካሊ ስትሄጂ፣ የአገሯን ጥቁር ሴቶች የምታስውቡበትን የፎቶ ሥራ ልትጀምሩ ቀን ቆጥራችሁ ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ ልትመጣልሽ ሳምንት ሲቀራት፣ ረፋድ ላይ «መጤ ይውጣ» የሚሉት ሰልፈኞች ዱላና ድንጋይ ይዘው መጡ። የጀፕን ገበያ ሕግ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ሱቅ የበሩን ብረት ሲደበድብ ሁሉም ተጠቅላዩን መዝጊያ ያወርዳል፤ ውስጥ ያለ ውስጥ፣ ውጭ ያለ ውጭ ይቀራል። ከሥር እጅ ከገባ ይመታል፤ አንዱን ካስገባሽ መቶው ይከተላል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ዮላንዳ ስፖንጅ ልትገዛ ከፊት ለፊት ወደ ከሊል ሱቅ ተሻግራ ነበር። ረሳኋት ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳኋትም፤ ከሊል ያስገባታል ብዬ ነው። ጎረቤታችንን ጣሃን በእግሩ ይዘው አስፋልቱ ላይ ሲጎትቱት አየሁ፤ ጭንቅላቱ የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። ድንጋይ መጥቶ መስታወቴን አረገፈው። መዝጊያውን አወረድኩ። መሬት ሊነካ ስንዝር ሲቀረው አራት ጣት ከሥር ገባ።

ጥቁር ነበር። የሌባ ነው አልኩ። የመዝጊያውን መጎተቻ ብረት በሁለት እጄ አንስቼ መታሁ። አልወጣም። ደግሜ መታሁ። በሦስተኛው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ «ማማ» የሚለውን ጩኸት የለየሁትም ያኔ ነው።

አይ፣ ይህም ውሸት ነው። «ማማ» የሚለውን ከመጀመሪያውም ምት በፊት ሰምቼዋለሁ። እዚህ አገር ደንበኛውም ሌባውም ማማ ይለኛል ብዬ መታሁ።

መዝጊያውን አንስቼ ስስባት ሦስት ሰዎች ጀርባዋን በዱላ እየወቀጧት ነበር። ለእነሱ መጤ ናት፤ ለእኔ ደግሞ ከእነሱ አንዷ። ደሟ በክሬሙ ካርቶኖች ላይ ፈሰሰ።

ሐኪም ቤት ማን መታሽ ሲሏት «ሌቦች» አለች። ለአንቺም ያንኑ ጻፈችልሽ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ጠየቀችኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ በዚህ እጅ ፊትሽን ነካሁት። እንዴት አላወቅሽውም?»

ጥቁር ስለሆነ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት? እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ያሰብኩት አንቺን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ለሠርግ ቅላትሽ ይውጣ ብዬ የምሸጠውን ክሬም ቀባሁሽ። ፊትሽ ሲላጥ፣ እንዳታክኪው ብዬ ሁለት እጅሽን በሻሽ አስሬ አስተኛሁሽ። እያለቀስሽ ያልሽው እሷ ከመዝጊያው ሥር ያለችውን ነበር፤ «እማ» ነው ያልሽኝ።

አሁን ዮላንዳ ከእኔ ጋ ናት። አጎርሳታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ትጎርሳለች፣ አንዳንድ ቀን እጄን ትገፋዋለች። ጣቶቿ ብሩሽ ለመያዝ ወራት ይፈጃሉ ብለዋል ሐኪሞቹ። የካሊ ሴቶች ግን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ እሷ ተቀምጣ በአገጯ እያዘዘች እኔ ቀላቀልኩ። እጅግ ቁጡ አስተማሪ ናት፤ አንዱን ቀለም ሰባት ጊዜ አስደፋችኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለው ካርቶን አሥራ ሁለት ብልቃጥ ፋውንዴሽን አለ። አሥራ አንዱን የቀላቀልኩት በዮላንዳ ትእዛዝ ነው፤ ሥራችሁን ጀምሩበት። እርግማንሽን አንሺልኝ አልልሽም። የእሷ እጅ እስኪድን ብቻ የእኔን አቆዪልኝ።

አላህ ፊትሽን የሚያየውን ሰው ሁሉ ደግ ዓይን ይስጠው። ያለሽበትን አገር ያለስልስልሽ።

አሥራ ሁለተኛው ያንቺ ነው። ማንም ሳያዘኝ፣ ፎቶም ሳላይ ነው የቀላቀልኩት፤ ክሬሙ ሳይነካው በፊት የነበረው ቀለምሽ ነው። ካልሆነ መልሰሽ ላኪው፣ እንደገና እቀላቅላለሁ።

እናትሽ ሙርሺዳ