ምልክት የሌላት ግመል

ለልጄ ለሳምራ፣

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

በወደቡ መንገድ ዳር የሰፈራችን ሰው ተባብሮ የሲሚንቶ ግመል ሐውልት ሠርቶ በደማቅ ቀለም ቀባት። አፋሩ ሽማግሌ ኸባብ ግን ዞረው አይተዋት፣ «የጎሳ ምልክት ያልተተኮሰባት ግመል ባለቤት የሌላት፣ የጠፋች ናት፤ ወገኖቼ ለምርቃቱ አይመጡም» አሉ።

ባለሱቁ ጀላሉ፣ «ሲሚንቶ እኮ ናት አባባ፣ ማን ይነዳታል?» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ አጓጉቶኝ ስጠይቅ፣ ምልክቱ ለካ እንደየጎሳው ይለያያል። የአንዱን ብናደርግ ሌላው ይቀየማል። «የሁላችን መዳፍ ቢታተምባትስ?» አልኳቸው። ኸባብም፣ «ባለቤቷ ከበዛ ማን ይሰርቃታል?» ብለው እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው ቀለም ውስጥ ነከሩ።

አንገቷ ላይ ላንቺ ቦታ ትቻለሁ። ቀኝ እጅሽን ወረቀት ላይ ዘርግተሽ፣ ጣቶችሽን ሳታጣብቂ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪልኝ። መክሳት አለመክሳትሽን በዚያው አያለሁ።

ጤና ከቤትሽ አይራቅ።

እናትሽ ጥላነሽ