ወንድሜን የወሰደብኝ ሰባኪ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? አባባንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ትንሹ ልጅሽም በአካል ደህና ነው። በአካል ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም።

ከስፌት ቤታችን በላይ ያለውን አዳራሽ አንድ ሰባኪ ከነተከታዮቹ ተከራይቶታል። እንደነሱ የማያምን ሁሉ ርኩስ ነው፣ ከእሱም ጋር አይበላም ብሎ ያስተምራል። ልጅሽ ልቡን ሰጥቶታል። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስመክረው ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ልጅ፣ ሰውዬው ሲያስነጥስ እንኳ ምን ሊል ይሆን ብሎ ጆሮውን ያቆማል። ምሳውን ከእኔ ነጥሎ ጥግ ይዞ ይበላል። እማዬ፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ፣ የሚታዘዘው ለሰውዬው!

በቀደም ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ለእህቷ ሠርግ እጅጌ የሌለው ቀሚስ አዘዘች። እንደምታውቂው እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ትእዛዙን የተቀበለው እሱ ነበርና የሰጠኝን ገጣጠምኩ። ለካስ እስከ ጣቷ ድረስ የሚወርድ እጅጌ ጨምሮላታል! ሴትየዋ መስታወት ፊት ስትቆም በሳቅ ሞተች፤ ለብርድ ይሆነኝ ነበር ብላ እጅጌውን አስነቀለችኝ። እሱ ግን በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ደጇ ላይ ቆሞ የሚገቡትን ሴቶች ርኩሶች እያለ ይሰድብ ጀመር። ደንበኞቿ ቀሩ።

በዚህ ምክንያት የሕንፃው ተከራዮች ተሰበሰብን። ገና ሳልቀመጥ ሰባኪውን ከነተከታዮቹ አስወጡልኝ አልኩ። የመድኃኒት ቤቱ ሽማግሌ፣ ዛሬ በእምነታቸው ካባረርናቸው ነገ የእኛ ተራ ነው አሉ። ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ፣ ሌላውን የማይችል ሰው እሱስ ለምን ይቻላል ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም እውነት መሰለኝ። በመጨረሻ ፀጉር ሠሪዋ ተነሥታ፣ ፎቅ ላይ ሆነው ቢረግሙኝ ጣሪያው ይስማቸው፣ ደጄ ላይ ግን ማንም አይቆምም አለች። ወደ እኔ ዞራም፣ የተናደድሽው ለእኔ ነው ወይስ ወንድምሽን ስለወሰዱብሽ አለችኝ። እጅ አውጡ ሲባል ይቆዩ፣ ደጇን ግን አይርገጡ ከሚሉት ጋር አወጣሁ። ወድጄ እንዳይመስልሽ፤ እጄ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር።

ልጅሽ ይህን ሰምቶ መጣና ለምን አላስባረርሽንም አለኝ። ስለምቀና ነው፣ በቅናት ደግሞ በሰው አይፈረድም አልኩት። እንደ ፈለግክ እመን፣ እኔንም ርኩስ በለኝ፤ ያቺ ሴት ደጅ ላይ ዳግም ከቆምክ ግን ፖሊስ የምጠራው እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀብኝ።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ቆሞ አንዲት ልጅ እንዳትገባ በሩን ይዞባት አገኘሁት። ፖሊስ ጠራሁበት። ነገ እንደሚለቁት ነግረውኛል፣ አትደንግጪ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው እየተጣደፍኩ የምጽፍልሽ። ሰባኪው ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ልጅሽ ሲወስዱት ዞሮ ያየው ግን እኔን ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ እማዬ፣ ደስ አለኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢለት፣ ሳሉ ይብስበታል። አክስቴን፣ ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ መንትዮቹንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ቀናተኛዋ ልጅሽ
ከስፌት ቤቱ፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን