ማኅተም ስላረፈበት የንጋቷ ድርሰት

ለተከበራችሁ የነፃ ትምህርት ዕድል ድርሰት ገምጋሚ ኮሚቴ አባላት
(የኮሌጁን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ)
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣ ጤናችሁ እንዴት ነው? ዓይናችሁስ? ዓይናችሁን ለይቼ መጠየቄ፣ የኅዳግን ስፋት በሚሊሜትር ለክቶ የሚይዝ ዓይን በዋዛ የሚገኝ ስላልሆነ ነው። እኛ ቴፒዎች ደኅና ነን፤ ዝናቡም የመብራቱ መጥፋትም ሰዓታቸውን አክብረዋል።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለኝ፣ የአመልካቾቻችሁን ድርሰት የምተይብ ዜጋ ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ ንጋቷ ባየ ድርሰቷ «በቅርጽ ጉድለት» እንደተመለሰና እስከ ዓርብ አስተካክላ ካላቀረበች ዕድሉ እንደሚያልፋት ስላሳወቃችሁን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ ከመመሪያችሁ ተረድቻለሁና።

፩ኛ፦ በአማርኛ የሚጻፈው ድርሰት በታይምስ ኒው ሮማን ፎንት ይሁን ብላችኋል። ታዘዝን። ኮምፒውተሬም ታዞ፣ ፎንቱ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ባዶ ሳጥን አወጣልን። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ኅዳጉም ልክ ነበር። የልጅቷ አባት አቶ ባየ ወረቀቱን አዙረው አዙረው አዩና «ሲላስ፣ ይሄ የማን ቤት ፕላን ነው?» አሉኝ።

፪ኛ፦ መግቢያው «ሕይወትዎን የቀየረ አስደንጋጭ ገጠመኝ» እንዲሆን አዝዛችኋል። በዚህ የተነሳ ባለፈው ሳምንት ሱቄ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ወጣቶች በአንድ ወንዝ ከመወሰድ ለጥቂት ተርፈዋል። ወንዙን አውቀዋለሁ፤ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። አሥራ ዘጠኙም «ልብ የሚነካ» ተብለው ማለፋቸውን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ንጋቷን «አንቺስ ምን ደረሰብሽ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ሕይወቴን የሚቀይረው ነገር መቼ መጣና! እሱን ፍለጋ አይደል እንዴ የማመለክተው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ከባድ የቅርጽ ጉድለት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

፫ኛ፦ ድርሰቷ ከላይ «ጉዳዩ፦ ራሴን ስለማስረዳት» ይላል፤ ከታች ደግሞ የቀበሌ ማኅተም አለበት። አልክድም። አቶ ባየ ዕድሜ ልካቸውን ማኅተም የሌለበትን ወረቀት የሚያነብላቸው ቢሮ ስላላጋጠማቸው፣ ልጃቸው ስለ ራሷ የጻፈችውን ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩም አንብበው «ግለሰቧ እንዳለችው መሆኗን እናረጋግጣለን» ብለው መቱበት። እናንተ «ድርሰት በማኅተም አይረጋገጥም» ብላችሁ መለሳችሁት። ትክክል ናችሁ፤ ከወንዙ የተረፉትም ያለፉት ያለ ማኅተም ነው።

በጉዳዩና በማኅተሙ መካከል ደግሞ፣ ማንሳቴን ይቅር በሉኝና፣ አንድ ጽሑፍ አለ። የእነ ንጋቷ ቡና ከሥሩ እየደረቀ ሲያልቅ፣ ልጅቷ በደረቀው ግንድ ሁሉ ላይ ቀይ ክር እያሰረች ሁለት ዓመት ተከታተለች። በሽታው የሚሄደው አባቷ አረም የሚመነጥሩበት ገጀራ በሄደበት መሆኑን አየች። ከዚያ ወዲህ ገጀራው ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ያልፋል፤ ዘንድሮ የደረቁት ሦስት ብቻ ናቸው። ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም። መማር የፈለገችው ያንን ነው። ምላሻችሁ ስለዚህ ጽሑፍ አንድም ቃል ስለሌለው፣ ኅዳጉን ስትለኩ ደክሟችሁ እንደሆነ ገምተን አዝነናል።

ዓርብ ስለማይጠብቀን ድርሰቱ ዛሬ ተመልሶ ተልኳል። «ጉዳዩ» ወጥቷል፣ ማኅተም አልተመታበትም፣ ኅዳጉ በማስመሪያ ተለክቷል፤ ፎንቱ ግን እንዲነበብ ብለን የአማርኛ ነው። ወንዝ እንድትጨምር ብለምናትም እምቢ ብላለች።

የዘመናችሁ ስፋት ከኅዳጋችሁ እንዲበልጥ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በአንድ ነጥብ አምስት የመስመር ርቀት፣
ሲላስ ታምሩ
ቴፒ

ተጨማሪ፦ ለንጋቷ የምትሰጡትን መልስ በፈለጋችሁት ቅርጽ ጻፉት፤ አትጨነቁ። እሷ ወረቀት ሲደርሳት የምታነበው የተጻፈበትን ነገር ነው።