ቲቸርም ይንበርከኩ

ግንቦት ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣ ኦቦ ኢዶሳ፣

ሰላምታዬ ከእማዬ ከጉዴ ጋር፣ ከጎረቤቱም ከከብቱም ጋር ይድረስዎ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉንፋን እንኳ የለብኝም። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈውን ሲሰሙ «ልጄ ታሟል» ብለው እንዳይነሡ ነው።

ደሊል ወንድሜ፣ አንተስ እንዴት ነህ? ወደ ኦሮምኛ እየመለስክ የምታነብላቸው አንተ ነህና አንድ አደራ አለብህ። የፋሲካውን ደብዳቤ ሱቅህ ደጃፍ ላይ ሰው ሰብስበህ ነው አሉ ያነበብከው፤ የአገራችን የሸነን ሰው ሁሉ እልል ብሏል። ይህን ግን አባቴን ወደ ውስጥ አስገብተህ፣ የጨው ጆንያው ላይ አስቀምጠህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አንብብላቸው። ገበያተኛ ቢመጣ ይጠብቅ።

አባባ፣ በፋሲካ «ስሜ ለዲግሪ ቀርቧል፤ በመስከረም አዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። አልገባም። ስሜን ያቀረቡት ዳይሬክተሬ አቶ ደግፌ መልሰው አውጥተውታል። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ሰርቄ አይደለም። ሰክሬም አይደለም። የሰው ልጅም አላስነወርኩም። ተማሪዎቼ የሚመሳሰሉ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲለዩ ብዬ ነው።

ያለሁባትን ከተማ አያውቋትም፤ ከጊንጪ አለፍ ብላ መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ናት። የአምቦ አውቶቡስ ያልፍባታል እንጂ አይቆምባትም፤ ጊንጪ ላይ ሞልቶ ነው የሚመጣው። ከማሠልጠኛ ስመረቅ «ሁለት ዓመት ብቻ» ተብዬ መጣሁ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ነው ብዬ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ አልፈታሁም፤ መጻሕፍቴ እስከ ዛሬ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ከተከራየሁባት ክፍል ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሻይ ቤት፣ ከዚያ ተመልሶ ክፍል። አብረውኝ የተመረቁት ከአዲስ አበባ ስለ ሲኒማው፣ ስለ ክርክሩ፣ ስለ አዲሱ መጽሐፍ ይጽፉልኛል። እኔ የምመልሰው ወሬ ጠፍቶኝ ዝናብ ጣለ፣ ዝናብ አባራ እላለሁ። ለእርስዎ ግን ሁልጊዜ «ተመችቶኛል» ነበር የምለው። አልተመቸኝም፣ አባባ። አንዳንድ ቀን ትንፋሽ ያጥረኛል።

ሥራዬ ስምንተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ልጆቹ በሰኔ የሚኒስትሪ ፈተና ይወስዳሉ፤ ያለፈ አምቦ ሄዶ ዘጠነኛ ይገባል፣ የወደቀ እዚሁ ይቀራል። ፈተናው ላይ ትርጉማቸው የተቀራረበ ቃላት እየተደረደሩ ይመጡና «ለባዶው ቦታ የሚስማማውን ምረጥ» ይባላል። አምና የተፈተኑት እዚያ ላይ ነው ያለቁት። አጠናናቸውን ባዩት! ቃሉን ከነአማርኛ ፍቺው እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወርዱታል፦ «ሼድ፣ ጥላ! ሻዶው፣ ጥላ! ዶር፣ በር! ጌት፣ በር!» ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

ቀድሪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አለች፣ ምላሷ የማይቆም። አንድ ቀን «ቀድሪያ፣ የሼድና የሻዶው ልዩነት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ልዩነት የላቸውም ቲቸር። ሁለቱም ጥላ ናቸው።»

«ታዲያ እንግሊዞች ሁለት ቃል ለምን አስፈለጋቸው?»

«ሀብታሞች ስለሆኑ ነዋ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አልቻልኩም። ግን ፈተናው አይስቅም። ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ዛፍ ሥር አስቀምጬ «ይኼ ሼድ ነው»፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ «ይኼ ሻዶው ነው» አልኩ። በማግሥቱ ነጋሳ የሚባለው ጎበዙ ተማሪዬ ተነሥቶ «ሼድ የዛፍ ጥላ ነው፣ ሻዶው የሰው ጥላ ነው» አለኝ። «የላምስ?» አለ ሌላው። ላሟ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ሲከራከሩ ተደወለ።

አሁን የግቢያችንን ደንብ ልንገርዎ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ የቤት ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። ኦሮምኛ ያመለጠው ልጅ ደወል እስኪደወል ሰሌዳው ሥር ይንበረከካል። ስልጢኛም ቢሆን ያው ነው፤ ቀድሪያም ተንበርክካለች። ደንቡን የምታስፈጽመው የክፍሉ አለቃ ወሰንየለሽ ናት፤ ለማንም የማታዳላ፣ የገዛ ወንድሟን ያንበረከከች ልጅ። እኔም አብሬያት ሳንበረክክ ነው የከረምኩት። በቤቴ ኦሮምኛ እየተነገረ አድጌ፣ እዚህ ለዚያው ቋንቋ ዘበኛ ሆኜ ነበር።

በመጋቢት ይኸው ጥላ ለስንተኛ ጊዜ ሲያጨቃጭቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ነጋሳ!» ብዬ ጮኽኩ፤ «በሬህ ሲደክመው የምታሳርፍበት ጋዲሳ ነው! ከኋላ ከኋላህ የሚከተልህ ጋዲዱ ነው! ሼድ ጋዲሳ፣ ሻዶው ጋዲዱ! ይኼ ይጠፋሃል?»

ደሊል፣ እነዚህን ሁለት ቃላት አትተርጉማቸው፤ እንዳሉ በላቸው።

ነጋሳ አፉን ከፍቶ ቀረና ቀስ ብሎ «እንዴ!» አለ። «ይኼማ ሁለት ነገር ነው።» ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ከኋላ ወንበር አንዱ በቀጭን ድምፅ «ቲቸርም ይንበርከኩ!» አለ። ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወሰንየለሽ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ ደንቡ ለተማሪ ብቻ ነው ወይስ…» አለችና ጨነቃት። ልትቀልድብኝ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ።

«ተቀመጪ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ፊት ኖሮኝ? ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ሰሌዳው ሥር ተንበረከክሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበርና ከታች በኩል «ዶር» እና «ጌት» ብዬ ጻፍኩ። ከተንበረከክሁ ወዲያ ሌላ ቅጣት የለ! «ዶር በልበላ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባበት» አልኩ። «ጌት ከራ ነው፤ ከብቱ ወደ ግቢ የሚገባበት።» እስኪደወል ድረስ ያላነሣነው ቃል አልቀረም። ጉልበቴ ተላጠ። እንደዚያ ቀን አስተምሬ ግን አላውቅም።

ቀና ስል አቶ ደግፌ መስኮቱ ላይ ቆመዋል።

አቶ ደግፌ ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታቸው የቀረበ፣ ልጆቹ እንደ አባት የሚፈሯቸው ሰው ናቸው። ገበያ ሲወርዱ ኦሮምኛቸው ከእርስዎ አያንስም፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያልፉ ግን ምላሳቸውን ውጭ ትተው ነው የሚገቡት። ቢሮ አስጠሩኝ።

«ሌታ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደንቡን አፈረስኩ ጋሼ፤ ተቀጣሁ።»

«አትቀልድ። ልጆቹን የምጠላ ይመስልሃል? ፈተናው ላይ በዚህ ቋንቋ የሚጠይቃቸው የለም። ነገ አምቦ ሄደው አፋቸው ቢተሳሰር የሚሳቅባቸው እነሱ ናቸው። እኔ ተስቆብኛል፤ አውቀዋለሁ።»

«ግን እኮ ቃሉን ለዩት።»

«ሌላ መለያ ፈልግ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ከፋሲካ በኋላ ኢንስፔክተር ይመጣል፤ የሚገባውም አንተ ክፍል ነው። ለዲግሪ ያንተን ስም አቅርቤአለሁ። በንጹሕ አማርኛና በእንግሊዝኛ ታስተምራለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ያ ቀን ስሕተት እንደነበር ለልጆቹ ትነግራቸዋለህ። በመስከረም ትሄዳለህ። ምን አለበት?»

ምን አለበት? ከዚህች ከተማ መውጫዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። በማግሥቱ ተናገርኩት፦ «ያን ቀን ያልኳችሁ ስሕተት ነው፤ እርሱት።»

ነጋሳ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የምንረሳው ቃሉን ነው ወይስ ልዩነቱን?»

«ሁለቱንም» አልኩት። የፋሲካውን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በዚያው ሳምንት ነው።

ኢንስፔክተሩ ግንቦት ሲጠባ መጣ። ወጣት ነው፣ ሰላምተኛ፤ ከአቶ ደግፌ ጋር ከኋላ ተቀመጠ። ትምህርቱ እንደ ዘይት ፈሰሰ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ፤ አንድም የቤት ቃል አልወጣም። መስከረም ታየኝ። ልጨርስ ስል ኢንስፔክተሩ «እኔም አንድ ልጠይቅ» ብሎ ጠመኔውን ተቀበለኝ። «ከብቶቹ እንዲገቡ እረኛው የግቢውን … ከፈተ» የሚል በእንግሊዝኛ ጻፈና ባዶውን ቦታ በጠመኔው መታ መታ አደረገ። «ዶር ወይስ ጌት?»

እጅ የሚያወጣ ጠፋ።

አባባ፣ ያውቁት ነበር! ፊታቸው ላይ እያየሁት። የነጋሳ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። እኔን አየኝ። ሁሉም እኔን አዩኝ። እርሱት ብያቸው ነበርና፣ ለእኔ ብለው ረስተው ነበር። እንዳላጋልጣቸው ሳይሆን እንዳያጋልጡኝ ፈርተው ነው ዝም ያሉት።

ኢንስፔክተሩ ወደ አቶ ደግፌ ዞሮ ቀስ ብሎ «ስምንተኛ ክፍል በርን ከበር አይለይም?» አላቸው። አቶ ደግፌ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ዝም ብል ጥያቄው ያልፍ ነበር። የአንድ ደቂቃ እፍረት ነበር፣ ከዚያ ምሳ ነው። ዝም ማለት ግን አቃተኝ። «ነጋሳ፣ ተነሥ» አልኩ። «በቤትህ ቋንቋ አስበው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ መልስ።»

ተነሣ። ወሰንየለሽን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየና ለራሱ ያህል «ከራ» አለ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «ጌት፣ ሰር!» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! ቀድሪያ «ሼድና ሻዶውንም ይጠይቁን!» እያለች ከወንበሯ ልትወጣ ደረሰች። ጠየቃት፤ መለሰች። ሌላውን ጠየቀ፤ እሱም መለሰ።

«ጎበዞች» አለ ኢንስፔክተሩ። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ አቶ ደግፌን «ክፍል ውስጥ የሚነገረው የምን ቋንቋ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሌላ ነገር አልተናገረም። ስሜ ለመውጣት ይህችው በቃች።

አቶ ደግፌ ቢሮ አልጠሩኝም። ራሳቸው ወደ ቤቴ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። «ማል ጎቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ ልጅ ሆኜ ጥፋት ሳጠፋ እርስዎ እንደሚሉኝ፣ ምን አደረግህ ልጄ ብለው። በዚያ ቋንቋ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ስምህን አወጣሁት» አሉ። «ደንቡንም አላነሣውም። ብችል እንኳ አልደፍርም፤ እውነቱን ልንገርህ።» «ግን የእኔ ቤት የትምህርት ቤቱ ግቢ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ወደዚያ አምጣቸው። በምን ቋንቋ እንደምታስተምራቸው አልጠይቅህም።»

«ሰው ቢሰማስ?»

«እኔ ገበያ እወርዳለሁ፤ አልሰማሁም።»

ትናንት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። የክፍሉ ልጆች ሁሉ መጡ። ወሰንየለሽ ከአጥሩ ውጭ ቆማ አልገባም አለች።

«ቲቸር፣ እዚህ ደንቡ አይሠራም?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ተማሪ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ገባች፤ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

እንግዲህ ይኸው ነው። ተደስቻለሁ ብዬ ዳግም አልዋሽዎም። መሄድ አሁንም እፈልጋለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ይህች ከተማ እንደ ጠበበ ጫማ ትይዘኛለች። በሰኔ ልጆቹ ቢያልፉ የሚሄዱት እነሱ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሌሎች ልጆች ይዤ እዚሁ እጀምራለሁ። እርስዎም በእኔ ምክንያት በሰው ፊት እንደሚያፍሩ አውቃለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። «ልጅህ መቼ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው?» ለሚልዎ ሰው «ከርሞ» አይበሉት። «እዚያው ያስተምራል» ይበሉት።

ተቆጥተው ከሆነ ቁጣዎን ለደሊል ይንገሩት፤ እሱ ይጽፍልኛል። ደሊል፣ አታለስልሰው። የተናገሩትን እንደ ተናገሩት ጻፈው።

ቁጣዎንም ምርቃትዎንም የሚጠብቅ ልጅዎ፣
ሌታ ኢዶሳ