ሁለት ጊዜ የላክኸው መጽሐፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱራዛቅ፤ አዳማ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሀሲናስ እንዴት ናት? ልጃችሁን ሙሐመድያሲንን ያ ሳሉ ለቀቀው ወይ? የመለዋወጫ ሱቅህስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማ ወገብ እንደምታውቀው ነው፤ ከአልጋ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ አልጋ እኔን ተደግፋ ትመላለሳለች። ዓይኗና ጆሮዋ ግን ከእኔም ከአንተም ይሻላል። ደህና ነን ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው በስልክ "መጽሐፎቹን እንዴት አገኘሻቸው?" ብለህ ስትጠይቀኝ "ቆንጆ ናቸው፣ እጅህ ይባረክ" ብዬህ ነበር። ምን ልበልህ፣ እማ አጠገቤ ነበረች። በስልክ የምነግርህን ሁሉ እሷም ስለምትሰማው እውነቱን በወረቀት ማድረግ ግድ ሆነብኝ። አስተያየት ጠይቀሃልና አስተያየቴ ይኸውልህ።

መጀመሪያ የላክኸውን፣ ያንን ወፍራሙን የሰላዮች መጽሐፍ፣ ጀርባው ላይ ሦስት ሰዎች አድንቀውታል። ሦስቱም የደራሲው ጓደኞች ይመስሉኛል። ሰላዩ ከአራተኛ ፎቅ ዘሎ ያርፍና ብድግ ብሎ ራት ግብዣ ይሄዳል። እማ ዕድሜዋን ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት አይደለች? ሳነብላት "ሱሪው አልተቀደደም?" ብላ አስቆመችኝ። ገጹን መልሼ ባየው ስለ ሱሪው የተባለ ነገር የለም። "እንግዲያው ውሸት ነው፤ ቀጥይ" አለችኝ። ልብ ማንጠልጠሉን አልክድም፣ እስከ መጨረሻው አስነብቦናል። ግን አንጠልጥሎ አንጠልጥሎ የትም አላደረሰንም። ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። አፍንጫዋ ሰልካካ ያልሆነች ሴት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሻይ እንኳ አታቀርብም።

ሁለተኛው የሚያወራው ስለ እኛው አገር ስለ ጎጃም ነው። ደራሲው ጎጃምን ያየው በአውቶብስ መስኮት ሳይሆን አይቀርም። ሰዎቹ ተረትና ምሳሌ ሳይጨምሩበት ውኃ አይጠይቁም፤ እህል ሻጯ ዋጋ ስትናገር እንኳ ትተርታለች። የመሪጌታ ስጦታው ባለቤት እትዬ ይርጋነሽ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሱቃችን እየመጡ አብረውን ያዳምጣሉ፤ እሳቸው ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፍርስ አሉ። "መሪጌታ ስንት ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ጨው አምጪ ሲሉኝ ግን ጨው አምጪ ነው የሚሉኝ" አሉን። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሙስሊም አንድ ብቻ ነው፤ በቅሎ እየነዳ ያልፋል፤ ስም የለውም፤ የት እንደሚያድርም አልተጻፈም። የአያቶቻችን አያቶች ሞጣ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ወልደው፣ ተቀብረው፣ እኛ በመጽሐፍ ውስጥ አሁንም መንገደኞች ነን። ያን ቀን ራት አላሰኘኝም።

ደግሞ ልብ ብለኸው እንደሆነ፣ ልብ እንዳላልከውም አውቃለሁ፣ በየመጽሐፉ እናቷ ዘንድ የምትቀር እህት አለች። ወንድምየው አገር ይዞራል፣ ያፈቅራል፣ ይታሰራል፣ ይከብራል። እህትየዋ "እናቷን ታስታምም ነበር" ትባልና ምዕራፉ ይዘጋል። ለዚያች አንዲት መስመር ስንት ባልዲ ውኃ እንደተቀዳ፣ ስንት አንሶላ እንደታጠበ፣ ለጋብቻ የመጣ ስንት ሽማግሌ "እናቴን ለማን ጥዬ" ተብሎ እንደተመለሰ ደራሲውን ብትጠይቀው አያውቅም።

አሁን ወደ ቀይ ጃንጥላዋ ልምጣ። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ያለችበትን ማለቴ ነው፤ እማ ማንበብ ስለማትችል መጽሐፎቹን የምትጠራቸው በሽፋናቸው ነው። ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ከተማ ይገባል፣ የሀብታም ልጅ ይወዳል፣ እናቱን ይረሳል፣ በመጨረሻው ምዕራፍ መስከረም ሲጠባ ወደ እናቱ ደጅ ይመለሳል። እልል ይባላል፣ መጽሐፉም ያልቃል። እትዬ ይርጋነሽ አለቀሱ። እማ አላለቀሰችም፤ "መስከረም ነው ያለው?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

አባባ በሕይወት ሳሉ መልእክት እንዴት ይልኩ እንደነበር አትረሳውም። ለንግድ ሄደው ስኳር ከላኩ ሊመጡ ነው፤ አቡጀዴ ከላኩ ክረምቱን እዚያው ሊከርሙ ነው። ለሾፌሩም ለማንም አይናገሩም፤ እማ ዕቃውን ስታየው ትረዳለች። ታዲያ ልጇ መጽሐፍ ሲልክላት እንዲያው በዘፈቀደ ይልካል ብላ ታስብ? አባቱ በስኳር ይናገር የነበረውን ልጁ በመጽሐፍ ተናገረ አለች። በማግስቱ ቢቸና ላሉት አጎታችን ለሐምዱ አስደወለችኝና ላንተ አቀባበል የሚታረድ ጠቦት አስገዛች።

መስከረም መጣ፣ አለፈ። አንተ መንገዱ አስቸጋሪ ነው አልክ። አስቸጋሪ ነው፣ ማንም አይክድህም። ግን መጽሐፎችህ በየት በኩል ነው የሚመጡት? ያንተን ጥቅል የሚያደርስልን ጨርቅ ጫኙ ሾፌር በሰማይ ነው የሚበረው? ጠቦቱ በግ ሆነ፣ በጉ ሰባ፣ እማ ለአረፋ እንኳ አላስነካችውም። "እሱ ባለቤት አለው" ብላን ሌላ አረድን። ሌላም መስከረም አለፈ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ የላክኸውን ጥቅል ሱቅ ውስጥ ፈታሁት። ቀይ ጃንጥላዋ ናት። ያችው ሴት፣ ያው ጃንጥላ፣ ያው የመጀመሪያ መስመር። ተናደድኩ። የምትልከውን አታየውም ማለት ነው! ሱቅህ ያለውን ሠራተኛ "አንድ ልብ ወለድ ግዛልኝ" ትለዋለህ፣ እሱ ያነሣውን ጠቅልለህ ትሰድዳለህ። እማ እያንዳንዱን ገጽ ያንተ ቃል ነው ብላ ስታዳምጥ፣ አንተ ሽፋኑን እንኳ አላየኸውም። ብነግራት ወይ ልቧ ይሰበራል፣ ወይ ደግሞ "ደግሞ ላከልኝ፣ አሁንስ መምጣቱ ነው" ብላ ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። የቱ እንደሚከፋ መለየት አቃተኝ። ሽፋኑን በጋዜጣ ለበጥኩትና አዲስ መጽሐፍ መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

የማነበው ግን የተጻፈውን አልነበረም። ገጹን እየገለጥኩ ከራሴ አወራሁ፤ ስለ አንዲት ጨርቅ ሻጭና ስለ ሁለት ልጆቿ። ወንዱ ሄዷል፣ ሴቷ አለች። ለሴቷ ከአንድ መስመር በላይ ሰጠኋት፤ ሳቅም ሰጠኋት፣ ቁጣም ሰጠኋት። ወንዱን አልሰደብኩትም፣ አላህ ያየኛል። ሱቁን፣ ትዳሩን፣ የልጁን ሳል ሳይቀር በደንብ ተረኩለት። እትዬ ይርጋነሽ "ይኼኛውስ ሰው ያውቃል" እያሉ ደራሲውን አመሰገኑልኝ። እማ ግን ስለ ሱሪም ስለ ምንም ጠይቃ አላቋረጠችኝም።

በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ላይ ደረስኩ። በእጄ ነበርክ። "በሩ ተንኳኳ" ብል ገብተህ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። እማ ትራሷን ተደግፋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ደራሲዎቹ ልጁን ሁልጊዜ ለምን እንደሚመልሱት ያን ጊዜ ገባኝ። እናቲቱ ፊት ተቀምጦ አይመጣም ማለት ስለሚከብድ ነው። አንተም በየስልኩ "ኢንሻአላህ በቅርቡ" የምትላት ለዚሁ ነው። እኔ ግን አልመለስኩህም። ልጁ አልመጣም፣ እናቲቱም መጠበቋን ተወች ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

እትዬ ይርጋነሽ ክው ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እማ ግን "እውነተኛው ይኼ ነው" አለች። ቀጥላም "ለሐምዱ ደውይለት፤ መጥቶ ይረደው" አለችኝ።

አጎታችን ሐምዱ ከቢቸና መጥተው ቢስሚላህ ብለው አረዱት። እማ ደጅ ተቀምጣ ሥጋውን ለጎረቤቱ ሁሉ ራሷ አከፋፈለች። እትዬ ይርጋነሽ የእኛን ሥጋ ባይበሉም መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ያንተን ድርሻ ቋንጣ ላድርግለት ወይ ብላት "ለማን?" አለችኝ። በግህን በልተነዋል፣ አብዱራዛቅ። ጣፍጦናልም።

ከእንግዲህ መጽሐፍ እንዳትልክ። የምትመጣ ከሆነ ና፤ የማትመጣ ከሆነ በገዛ አፍህ ንገራት። እኔ ባንተ ፈንታ መዋሸትም፣ ባንተ ፈንታ እውነት መናገርም ሰልችቶኛል።

ለሀሲና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ በእሷ አልተቀየምኩም። አያቱ ፊቱን ያላየችውን ሙሐመድያሲንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አጎታችን ሐምዱ ሰላም ብለውሃል። እትዬ ይርጋነሽም "እግዜር ይስጠው፣ ስንቱን አሰማን" ብለውሃል፤ እሳቸው ከልባቸው ነው።

የእማን ሰላምታ መጨረሻ ያቆየሁት አደራ ስላለበት ነው። ይህን ልጽፍ ስቀመጥ መጽሐፉን ከአጠገቤ አነሣችና ጋዜጣውን ላጥ አድርጋ ጃንጥላዋን በጣቷ አሳየችኝ። ለካ ያን ዕለት ጥቅሉን ስፈታ አይታዋለች። ሦስቱንም ቀን እያወቀች ነው ያዳመጠችኝ። "ሰላም በይልኝ" አለችኝ። "ይችን ሁለቴ እንደላካት ግን እንዳትነግሪው፣ ያፍራል።"

እኔ ግን ነገርኩህ።

እህትህ ሲሃም
ሞጣ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.