«ደሳለው ነው የላከኝ» ያለው ሰው

ለልጄ ለደሳለው፦

ሥላሴ በሄድክበት ሁሉ ይቅደሙልህ፤ ያገርህን አፈር ለመርገጥ ያብቁህ። አባትህ ደኅና ናቸው፤ ዛሬም ድጓቸውን ያስተምራሉ። ቀይቷ ላም ወልዳለች። ሜዳው ላይ ግን የክረምቱ ውኃ ገና አልሸሸም።

እኔ ግን ፈርቻለሁ ልጄ። ማክሰኞ ኮት የለበሰ ሰው ከወረታ መጣ። አባትህ በአውቶቡስ ማኅበሩ አክሲዮን እንዳላቸው ያውቃል። «ትርፍዎ በዝቷል፤ እሱን ለማውጣት ግን ዛሬውኑ ይክፈሉ፤ ነገ ካሉ ይቀርብዎታል። ለሰውም እንዳይነግሩ» አላቸው። አባትህ በሬውን ሊሸጡ ተነሡ።

«ልጃችንን ሳንጠይቅ?» ብል፣ «ደሳለው ራሱ ነው የላከኝ» አለ። ስምህንማ ከማንም ሊሰማ ይችላል ብዬ አሰብኩ።

«እንግዲያው የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። አባትህም ተመልሰው ተቀመጡ። ሰውዬው «ወረቀት ረስቻለሁ፤ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ፎቶግራፍህ አለመኖሩን ያየነው ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ፎቶህን እያሳየ፣ አንተን የሚያውቁህን የአንበሳሜ ከተማ ሽማግሌዎች ያታልላቸው ይሆን? እባክህ ልጄ፣ ማንንም እንዳልላክህ በገዛ እጅህ ጻፍልን፤ አባትህ ቅዳሴው ሲያልቅ ለሕዝቡ ያነቡታል።

ድንግል በጥላዋ ትሰውርህ።

እናትህ አመተ ሥላሴ