የታችኛው ማሳ ችካሎች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ለማልጠግብህ ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? በደንብ ትበላለህ? የፋብሪካው አዲሱ ማሽን እጅ ይቀማል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኛ ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ምስሩ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ አልለቅ ብሎ የታችኛው ማሳ ከረባዳው ጥግ ጀምሮ ወየበ። አባትህ «ርቦት ነው» ብሎ ማዳበሪያ ጨመረለት። ቢጫው ግን እየሰፋ ሄደ። ደግሞ «እንግዲያው ጠምቶት ይሆናል» አለኝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ! ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲብስብኝ የግብርና ባለሙያዋን ጠራኋት። አንዱን ተክል ነቅላ አሳየችን። ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣቷ ሳብ ስታደርገው ቅርፊቱ ተገሽልጦ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሥር አበስብስ የሚባለው በሽታ ነው አለች።

«አምና እዚህ ምን ዘራችሁ?»

«ምስር» አለ አባትህ።

«ካቻምናስ?»

«ምስር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ምስር አልኩሽ እኮ! ይሄ ከአባቴ ጀምሮ የምስር መሬት ነው።»

«ታዲያ በሽታው ምን ጎድሎበት ይሂድ አባባ?» አለችው እየሳቀች። «በየዓመቱ ድግስ እየደገሱለት!»

ከዚያ አንተ ያልከውን ሁሉ አንድ በአንድ ደገመችው። ውሃው እንዳይተኛ ቦይ ይቆፈር፣ የታመመው ተነቅሎ ይቃጠል፣ ከዚህ ማሳ ዘር አይያዝ፣ ለጥቂት ዓመታት ስንዴ ወይ ገብስ ይዘራበትና ምስር አይድረስበት። አባትህ «ይሄን ሰምቼዋለሁ» አለ። «ከማን?» ብትለው ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማውን ይጠርግ ጀመር። አንጀቴን በላው።

አምና ለሁለቱ ቦዮች የተከልካቸውን ችካሎች ነቅሎ «መሬቴን አንተ አታስተምረኝም» ሲልህ፣ አንተም ሻንጣህን አንጠልጥለህ ስትወጣ፣ መሐል ላይ ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ችካሎቹን ማግዷቸዋል ብዬ ነበር። ለካ በሲባጎ አስሮ ከመጋዘኑ በር ጀርባ አስቀምጧቸዋል! ማክሰኞ ጠዋት አወጣቸውና ቦታቸው ቦታቸው ላይ መልሶ ተከላቸው። የት እንደነበሩ አንዱንም አልረሳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልለው አስቤ ምላሴን ነከስኩ።

አንዱን ቦይ ቆፍሮ ጨረሰ። ውሃው ወርዷል፣ ከማሳው ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ያለው ምስር እስካሁን አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ለሚመጣው ስንዴ ነው፤ እሱን ግን አልነካውም። «ወዴት እንደሚወርድ አላውቅም፤ የሚያውቀው መስመሩን ያወጣው ነው» ይላል። ያ መሬት ወዴት እንደሚያዘነብል ድመታችንም ታውቃለች።

ና አልልህም፣ ሥራ አለብህ። ውሸቴን ነው፤ ና። ናፍቀኸኛል። አባትህም የሚከራከረው ሰው አጥቶ ከሬዲዮ ጋር መጨቃጨቅ ጀምሯል።

እግርህን ከእንቅፋት፣ እጅህን ከማሽን ይጠብቅልኝ። የወጣህበት በር በደስታ ያስገባህ።

የምትሳሳልህ እናትህ

ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባትህ ገባ። ሰላም በይልኝ አላለም፤ ታውቀው የለ? «የልጅሽ ቦት ጫማ የት ነው ያለው?» ብቻ አለኝ። ከአልጋህ ሥር አወጣሁለት። የአምናውን ጭቃ ራሱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሩ ላይ ከራሱ ጫማ ጎን አቁሞታል።